የግቢውን ውሻ ማን ያሠልጥነው?

በአቦምሳና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ውሻ ለጌጥ አይያዝም። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይጠጋ ይጮኻል፤ በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣና ከርከሮ ያባርራል፤ ቀን ደግሞ በር ላይ ሰው መቆሙን ለቤቱ ያሳውቃል። ደመወዙ የማዕድ ትራፊ ነው። እኛም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን፣ ካበላነው ሥራውን ራሱ ያውቀዋል ብለን ኖረናል።

አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጥቷል። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ «ቁጭ በል» ሲሉት የሚቀመጥ፣ «ተው» ሲሉት የሚተው ውሻ አይቶ ይመጣል። «ሁለት ወር ስጡኝ፣ ያለቀለት ጠባቂ አድርጌ እመልስላችኋለሁ» የሚል አሠልጣኝም አይጠፋም። አያቶች ገንዘቡን ያሰላሉ፤ ወላጆች «ለውሻ የሚሆን ጊዜ ከየት መጥቶ?» ይላሉ። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ነገሩ የገንዘብና የጊዜ ብቻ አይደለም። ውሻው መናከስን ተምሮ መተውን ሳይማር ቢቀር፣ ከሌባው በፊት አደጋ ላይ የሚወድቀው በግቢው ውስጥ ኳስ የሚያሯሩጠው ልጅ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ውሻው የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ስለሆነ ዋናው ሥልጠና የቤተሰቡ ነው። ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜም ከውሻው ጋር አብሮ መሠልጠን ያለበት ባለቤቱ ነው።

አብዛኛው ሥራ አስተዳደግ ነው

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ውሾችን ለዓመታት እያሳደጉ ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት መጽሐፍ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቷል። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 12ኛውና 14ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ፣ ማንን እንደ ወገን ማንን እንደ ባዕድ እንደሚያይ የሚወስንበት ነው። በዚያ ዕድሜው ሕፃን፣ በትር የያዙ ሽማግሌ፣ ፍየል፣ የባጃጅ ድምፅ በሰላም የለመደ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥባቸውም። ከጓሮ ታስሮ ሰው ሳያይ ያደገ ግን ሁሉንም ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ይህን ጊዜ ያሳለፈ ውሻ ወደ አሠልጣኝ ቢላክ፣ አሠልጣኙ የሚጀምረው ከጎደለው ነው።

የከብት ጠባቂ ውሻ ነገርም እንደዚሁ ነው። በናሚቢያ አቦሸማኔን ለመታደግ የተቋቋመ አንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች የቱርክ ዝርያ የሆኑ ትልልቅ ጠባቂ ውሾች ሲሰጥ ቆይቷል። ቡችላው ገና በልጅነቱ ከፍየሎቹ ጋር ይገባል፤ አብሯቸው ያድራል፣ አብሯቸው ይሰማራል። ማንም መናከስ አያስተምረውም። አውሬ ሲመጣ በመንጋውና በአውሬው መካከል ቆሞ ይጮኻል፤ አብዛኛው አውሬም ግብግብ ስለማይፈልግ ይመለሳል። አሠልጣኙ ገበሬው ራሱ ነው። የእኛም እረኛ ቡችላውን ከፍየሎቹ ጋር ይዞ ሲወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስሙን «ሥልጠና» አላልነውም እንጂ።

በቤት የሚቻለው

ለግቢ ውሻ የሚያስፈልጉት ትእዛዞች አራት ወይም አምስት ናቸው፤ ና፣ ተቀመጥ፣ ተው፣ ዝም በል፣ ወደ ቦታህ። እነዚህን አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከአያቱ ጋር ሆኖ ሊያስተምር ይችላል።

መጀመሪያ በቃሉ ተስማሙ። በአቦምሳ ብዙ ቤት ሁለት ቋንቋ ይነገራል። ልጁ «ና» ሲል አያት «ኮቱ» ካሉ፣ አባት ደግሞ በፉጨት ከጠሩ፣ ውሻው ሦስቱን ለየብቻ መማር አለበት። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ለውሻው ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ሰው አንዱን ቃል ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ሽልማቱ አይዘግይ። ውሻው እንደተቀመጠ ወዲያው ቁራሽ ከተሰጠው ለምን እንደተሸለመ ይገባዋል። ዘግይቶ ከተሰጠው በመነሣቱ የተሸለመ ይመስለዋል። በጾም ወራት ሥጋና አጥንት ባይኖር ችግር የለም፤ የደረቀ የዳቦ ቁራሽ ለራበው ውሻ ይበቃል። ስለዚህ የማስተማሪያው ሰዓት ከምግቡ በፊት ይሁን፤ ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ።

ሦስተኛ፣ ጠርታችሁ አትምቱት። ዶሮ ያባረረን ውሻ «ና» ብሎ ጠርቶ በጫማ መምታት፣ ሲጠራ እንዳይመጣ ማስተማር ነው።

አራተኛ ሰንሰለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻ ጉልበቱንም ንዴቱንም ሲያጠራቅም ይውላል። ማታ ሲፈታ ጥሩ ጠባቂ ሆነ እንላለን፤ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ግን ፊቱ ያገኘውን አይለይም። ማሰር ግድ ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ በገመድ ይዞ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ባለሙያ ሲያስፈልግ

ሰው የነከሰ ወይም በቤተሰቡ ላይ የሚያጉረመርም ውሻ ካለ፣ ልጅ እንዲያርመው አይተውም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ትልቅ ከሆነ በኋላ የተገዛ ጀርመን ሼፐርድም እንደዚሁ ነው፤ ማን ምን እንዳስተማረው አታውቁም። «ያዘው» ሲባል የሚይዝ ውሻ የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ ከባለሙያው በፊት ራሱን ይጠይቅ። ልጅና የጎረቤት ልጅ በሚገባበት ግቢ የሚጮኽ ውሻ ይበቃል፤ የሚነክስ አያስፈልግም።

ወንድሜ ውሻውን ከተማ ላለ አሠልጣኝ ለሁለት ወር ሰጥቶ ነበር። ውሻው ሲመለስ አሠልጣኙ ፊት እንደ ወታደር ይታዘዝ ነበር። አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ እናታችን ስትጠራው ግን ዞር ብሎም አላያትም። የተማረው «ሲት» እና «ስቴይ» ነበር፤ እሷ የምታውቀው «ኮቱ» ነው። በመጨረሻ እሷው ራሷ በዳቦ ቁራሽ ከመጀመሪያው አስተማረችው።

ይህ የአንድ ቤት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ፈንጂ የሚያነፈንፉና የፖሊስ ውሾች የሚሠሩት አብሯቸው ከሠለጠነ ሰው ጋር ነው፤ ሥልጠናቸውም አንዴ ተሰጥቶ አያበቃም፣ በየጊዜው ይደገማል። ትምህርቱ የሚጸናው በውሻውና በያዡ መካከል ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ከመቅጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ስታሠለጥን ቆመን ማየት እንችላለን? እኛን ስንት ቀን ታስተምረናለህ? ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ? ቀድሞ ያሠለጠንከውን ውሻ ከባለቤቱ ጋር ታሳየናለህ? «አትምጡ፣ ውሻው ይረበሻል» የሚል አሠልጣኝ ቢቀር ይሻላል። ሁለት ወር ከሚወስደው ይልቅ ቤታችሁ መጥቶ አምስት ወይም ስድስት ቀን እናንተን የሚያሠለጥናችሁ ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜም ወጪው ያንሳል።

ከሁሉም በፊት ክትባት

ማንም ያሠልጥነው፣ ያልተከተበ ውሻ ለልጆች ያለበት ግቢ ሠለጠነ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትቡት፤ ክትባቱ መቼ እንደሚደገም የእንስሳት ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚሻ ቤተሰብም ክትባቱን ያስቀድም እንጂ አያዘግይ። ልጁ ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን እንዳይደብቅ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥር አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። «ሠልጥኗል» የሚለው ቃል ለጎረቤት ልጅ ቁስል መልስ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ከውሻው ጋር ልጆቹም ይሠልጥኑ። ሲበላ፣ ሲተኛና ቡችሎቿን ስታጠባ አይነካም፤ ሲያሳድድ አይሮጥም፣ እጅን ሰብስቦ መቆም ነው። ትንሽ ሕፃን ከውሻ ጋር ብቻውን አይተውም፤ ውሻው ምንም ያህል የታመነ ቢሆን። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለክትባቱ ይዋል። ከተረፈ ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ለሚመጣ አሠልጣኝ ይሁን። የቀረው በቀን አሥር ደቂቃና አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው።