ዝርግ ባልሆነ ዓለም ቀጥ ያለ መሥመር

የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው የሚለውን ሕግ በትምህርት ቤት ያልሸመደደ ከመካከላችን የለም። መምህሩ የሣለበት ሰሌዳ ዝርግ መሆኑን ልብ ያልነው ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

እስቲ አንባቢዎቻችን የምድርን ሉል አቅርበው በጣታቸው ይከተሉን። ከሰሜን ዋልታ ተነሥተን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ ኬንያ ውስጥ እስከ ምድር ወገብ በቀጥታ እንውረድ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን፣ ወገቡን ይዘን እስከ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች እንጓዝ፤ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፈን ወደ ዋልታው እንመለስ። እነሆ ሦስት ማዕዘን ሠራን፤ ማዕዘኖቹ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ናቸው፤ ድምሩም 270 ሆነ! ከወገቡ ላይ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የሚነሡት ሁለቱ መንገዶችም ትይዩ ሲመስሉን ዋልታው ላይ ተገናኙ። መንገዱ ጎባጣ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከምድር ገጽ ሳይለቅ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የቀና መንገድ የለውም።

የእስክንድርያው ኤውክሊድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ፣ የትይዩ መሥመሮችን ሕግ ያለ ማረጋገጫ እንደ መነሻ አስቀምጦት ነበር። ሊቃውንትም ከ2,000 ዓመት በላይ ማረጋገጫ ሲፈልጉለት ኖሩ። የሒሳብ መምህሩ ሀንጋሪያዊ ፋርካሽ ቦያይ ከነዚህ አንዱ ስለ ነበር፣ ልጁ ያኖሽ በዚያ መንገድ እንዳይገባ አጥብቆ መከረው። በኦስትሪያ ጦር ውስጥ የመሐንዲስ መኰንን የነበረው ያኖሽ ግን ምክሩን አልሰማም። ሕጉን ወደ ጎን ትቶ፣ የሦስት ማዕዘን ድምር ከ180 የሚያንስበት ሌላ ጂኦሜትሪ አገኘ። ሥራው በ1832 (እ.ኤ.አ.) በአባቱ መጽሐፍ መጨረሻ ተጨምሮ ወጣ። አባትየው ለወዳጁ ለታላቁ ጋውስ ቢልክለት፣ ይህንኑ እርሱ ከብዙ ዘመን በፊት እንዳሰበው የሚገልጽ መልስ መጣ። የወጣቱ ተስፋ ተሰበረ። ጋውስ የተናገረው እውነት ነው፤ ሆኖም ነቀፋን ፈርቶ ሳያሳትም የቀረ ሊቅ፣ ለደፈረው ወጣት በአደባባይ አንድ የምስጋና ቃል መንፈጉ እኛን አያስደስተንም። ሩስያዊው ሎባቼፍስኪ በ1829 ቀድሞ ማሳተሙን ደግሞ ያኖሽ ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1854 ጀርመናዊው ሪማን ጕብጠቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ሕዋ የሚለካበትን ሐሳብ አቀረበ፤ አይንስታይንም በ1915 ስበትን ለመግለጽ ተጠቀመበት። ይኸውም ፀሐይን የመሰለ ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ሕዋና ጊዜ ያጎብጣል ማለት ነው። በ1919 ፀሐይ ስትጋረድ፣ እንግሊዛውያን ከፕሪንሲፔ ደሴትና ከብራዚል ሆነው በአጠገቧ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሡ፤ ብርሃናቸው አይንስታይን አስቀድሞ ባሰላው መጠን ገደማ ታጥፎ ተገኘ። መጠኑ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ከ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚኖረውን ስፋት ያህል ነው!

በዘመናችን ደግሞ ከሁሉ የቀደመውን የሕዋ ብርሃን የለኩ ሳተላይቶች፣ ዓለሙ በጥቅሉ ሲታይ ለዝርግነት እጅግ የቀረበ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ስፋት ላይ የሚሠራ ሦስት ማዕዘን ድምሩ ተመልሶ ወደ 180 ይጠጋል።