የከተሞች ማዕድ በኮከብ ሲለካ

ቶኪዮ፣ ፓሪስ፣ ኪዮቶ ወይስ ኒውዮርክ? ጥሩ ምግብ በብዛት የሚገኝበት ከተማ የቱ እንደሆነ ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ በዳኝነት የሚጠራው ሚሼሊን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ ነው። መመሪያው ለየምግብ ቤቱ የሚሰጣቸው ኮከቦች ይደመሩና ከተሞች በተርታ ይቀመጣሉ። ኮከቡ የወጣው ግን አንድን ምግብ ቤት ለመመዘን እንጂ ከተማን ከከተማ ለማበላለጥ አልነበረም። የድምሩን ትርጉም ለመረዳት አስቀድሞ ኮከቡ ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል።

መመሪያውን የጀመሩት በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ የጎማ ፋብሪካ የነበራቸው አንድሬና ኤድዋር ሚሼሊን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው እትም በ1900 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በመላው ፈረንሳይ የነበሩት መኪኖች 3,000 አይሞሉም ነበር። ወንድማማቾቹ ግን 35,000 ያህል ቅጂ አሳትመው በነፃ አደሉ። ሰው በመኪናው ብዙ ከተጓዘ ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ካለቀ ሌላ ይገዛል የሚል ስሌት ነበራቸው። መጽሐፉ ካርታ፣ የጎማ አቀያየር፣ የመካኒክና የማደሪያ አድራሻ የያዘ የመንገደኛ ደብተር ነበር። በ1920 ዋጋ ተተመነለት፤ በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ተጀመረ፤ በ1931 ሦስቱ እርከኖች ተለዩ። የእርከኖቹ ፍቺ እስከ ዛሬ የመንገድ ቋንቋ ነው፦ አንድ ኮከብ ጎራ ሊሉበት የሚገባ፣ ሁለት ኮከብ መንገድ አዙረው ሊሄዱበት የሚገባ፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእሱ ብለው ከቤት ተነስተው ሊጓዙለት የሚገባ ማለት ነው።

ይህ ኮከብ ከሆቴል ኮከብ ጋር አይገናኝም። የሆቴል ኮከብ የሕንፃውን፣ የክፍሉንና የመስተንግዶውን ደረጃ ሲያሳይ፣ የሚሼሊን ኮከብ የሚሰጠው ሳህኑ ላይ ለቀረበው ምግብ ነው። ማንነታቸውን የማይገልጹ የድርጅቱ ሠራተኞች እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብተው ይበላሉ፣ ሒሳባቸውንም ሙሉ በሙሉ ይከፍላሉ። የሚመዝኑት አምስት ነገር ነው፦ የግብዓቱን ጥራት፣ የአበሳሰሉን ብቃት፣ የጣዕሙን መጣጣም፣ ሼፉ በምግቡ የሚያሳየውን የራሱን ስልትና ጥራቱ በየጊዜው አለመዋዠቁን።

ሌሎች መመሪያዎች ሌላ ሚዛን አላቸው። በፈረንሳይ አንሪ ጎና ክርስቲያን ሚዮ የመሠረቱት መመሪያ እንደ ትምህርት ቤት ከ20 ነጥብ ይሰጣል። ቲምና ኒና ዛጋት የተባሉ ባልና ሚስት በ1979 ኒውዮርክ ውስጥ የጀመሩት መመሪያ ደግሞ ተራ ተመጋቢዎችን ጠይቆ ምግቡን፣ የቤቱን ገጽታና መስተንግዶውን ለየብቻ ከ30 ይመዝን ነበር። ጥቂት የሠለጠኑ ባለሙያዎች በምስጢር የፈረዱት ደረጃና ብዙ ደንበኞች በአደባባይ የሰጡት ድምፅ አንድ ዓይነት ከተማ አያሳዩም።

ማወዳደር ወደ ዓለም መድረክ የወጣው ሚሼሊን ከአውሮፓ ሲሻገር ነው። በ2005 ኒውዮርክ ገባ፤ በ2007 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው የቶኪዮ እትም ደግሞ ለ150 ምግብ ቤቶች 191 ኮከብ ሰጠ። ቶኪዮ በአንድ ጊዜ ፓሪስን በሰፊ ልዩነት በለጠች። ከምክንያቶቹ አንዱ የከተማዋ የምግብ ቤት አሠራር ነው። ብዙዎቹ ስምንት ወይም አሥር ሰው ብቻ የሚያስተናግዱ፣ ሼፉ ደንበኛው ፊት ቆሞ የሚሠራባቸውና በአንድ ዓይነት ምግብ የተካኑ ናቸው፤ አንዱ ሱሺ፣ ሌላው ቴምፑራ፣ ሌላው ሶባ ብቻ። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር የሚሠራ ባለሙያ ጥራቱ ሳይዋዥቅ መቆየት ይቀለዋል፤ መመሪያው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሆኖም ድምሩ ለምን ያህል ሰው ተካፍሎ እንደሚታይ ካልታወቀ ያሳስታል። በቅርብ ዓመታት እትሞች ኮከብ ያላቸው ምግብ ቤቶች በቶኪዮ 170 ገደማ፣ በፓሪስ 120 ገደማ፣ በኪዮቶ ወደ 100፣ በኒውዮርክ 70 ገደማ ነበሩ። የቶኪዮ ማዕከላዊ ወረዳዎች ሕዝብ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ፓሪስ ከተማ ሁለት ሚሊዮን ያህል፣ ኪዮቶ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ ኒውዮርክ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አላቸው። በነዋሪ ቁጥር ሲካፈል ኪዮቶና ፓሪስ ቶኪዮን ይበልጣሉ፣ ኒውዮርክ መጨረሻ ትሆናለች። ፓሪስ ከነዙሪያዋ ብትቆጠር ግን አካፋዩ ከአሥር ሚሊዮን ያልፋል፤ ብልጫዋም ይጠፋል።

ድንበሩ የት እንደተሰመረ ውጤቱን ይለውጣል። መመሪያው በ2016 ዋሽንግተን ሲገባ የተመለከተው የዋና ከተማዋን አስተዳደር ክልል ነበር። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ለአካባቢው ተመጋቢ የዚያው ከተማ ገበታ ቢሆኑም ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። በአንጻሩ ከከተማዋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ አንድ የቨርጂኒያ ገጠር ምግብ ቤት በልዩ ሁኔታ ተካትቶ ያኔ ሁለት ኮከብ አገኘ።

ኮከብ ማጣትም የምግብ ድህነት ማስረጃ አይደለም። የሎስ አንጀለስ እትም ከ2009 በኋላ ተቋርጦ ከተማዋ ለአሥር ዓመት ያህል አንድም ኮከብ አልነበራትም፤ ወጥ ቤቶቿ ግን ሥራ አላቆሙም። መመሪያው በ2019 የተመለሰው የካሊፎርኒያ የቱሪዝም ድርጅት 600,000 ዶላር በመደጎሙ ነው። የታይላንድ ቱሪዝም ባለሥልጣንም ለአምስት ዓመት 144 ሚሊዮን ባት መድቦ ነበር። ሚሼሊን ገንዘቡ በፍርዱ ላይ ተጽዕኖ የለውም ይላል፤ የትኛው ከተማ ለፍርድ እንደሚቀርብ መወሰን ላይ ግን ድርሻ አለው።

በቶኪዮ የታወቀው ሱኪያባሺ ጂሮ የተባለው ሱሺ ቤት ደግሞ ከመጀመሪያው እትም አንስቶ ሦስት ኮከብ ይዞ ከቆየ በኋላ በ2019 ከመመሪያው ወጣ። ምክንያቱ ጥራቱ መውረዱ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ቦታ ሊይዝበት አለመቻሉ ነበር።

መመሪያው በርካሽና በዕለት ተዕለት ምግብ ላይ ያለው ዕይታም ቀስ በቀስ ተለውጧል። በ2016 ሲንጋፖር ውስጥ ከሁለት የአሜሪካ ዶላር በታች ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ የገበያ መደብ ኮከብ አገኘ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች ቢብ ጉርማንድ የተባለ ምልክት ይሰጣል። አንድ ከተማ ነዋሪዎቿን እንዴት እንደምትመግብ ከኮከቡ ይልቅ ይህ ዝርዝር የተሻለ ፍንጭ አለው።

ስለዚህ ሁለት ከተሞችን በመመሪያ ሲያወዳድሩ መመሪያው አንድ፣ እትሙ የአንድ ዓመት፣ ድንበሩ ተመሳሳይ፣ አካፋዩም የታወቀ መሆን አለበት። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ኮከብም ለየብቻ መቆጠር አለባቸው፤ ሦስት ባለ አንድ ኮከብ ቤቶች አንድ ባለ ሦስት ኮከብ ቤት አይተኩምና። እነዚህ ከተሟሉ ቁጥሩ በየከተማው የመመሪያውን መስፈርት ያሟሉ ቤቶች ምን ያህል እንደሆኑ በትክክል ያሳያል። በመስፈርቱ ያልተመዘነውን ማዕድ በተመለከተ ግን የሚናገረው ነገር የለም።