ሣጥኑ የማያሳየው የውሃ ፓምፕ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ለሚኒባስ የውሃ ፓምፕ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ነው፦ «ጃፓን ነው፣ ታይዋን ነው፣ ቻይና?» ባንኮኒው ላይ ሲደረደሩ ሦስቱን መለየት ያስቸግራል፤ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። ገዢው በእጁ ያመዛዝናል፣ ዘንጉን ያዞራል፣ ሣጥኑን ያገላብጣል፣ በመጨረሻ ኪሱ ይወስንለታል። አገር መጠየቅ ክፋት የለውም። የፓምፑን ዕድሜ የሚወስኑት ነገሮች ግን ሣጥኑ ላይ አይጻፉም።

ከውጭ የሚታየው የአሉሚኒየም ወይም የብረት አካል እምብዛም አይሰበርም። የሚያልቁት ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታና መካኒኮች «ሲል» የሚሉት የውሃ ማገጃ ናቸው። ማገጃው ጎማ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዋናው ሥራ ያለው እጅግ ለስልሰው በተሞረዱ ሁለት ቀለበቶች ላይ ነው፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ባለበት ይቆማል፣ ሞላ ደግሞ ፊት ለፊት ያጣብቃቸዋል። በመካከላቸው ከፀጉር በብዙ የቀጠነ የውሃ ንጣፍ አለ። ቀለበቶቹን የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ራዲያተር ሳይሞላ ሞተሩን «እስኪ ልስማው» ብሎ ማስነሳት አዲሱን ማገጃ ገና ሥራ ሳይጀምር ማቃጠል ነው። ዝገትና አሸዋ ያለበት ውሃም እነዚህን ቀለበቶች እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። በርካሹ ፓምፕ ቀለበቶቹ ካርቦንና ሴራሚክ ሲሆኑ፣ በተሻለው ቢያንስ አንዱ በጣም ጠንካራ ከሆነው ሲሊከን ካርባይድ ይሠራል። ይህን ልዩነት ዓይን አይለየውም።

በፓምፑ ሆድ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የተሠራችውም ማገጃው አንድ ቀን ስለሚያልቅ ነው። ማገጃው ሲደክም የሚያልፈው ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ሳይገባ በእሷ በኩል ይወጣል። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ የሚደፍን መካኒክ አይጠፋም፤ ፍሳሹ ለጥቂት ቀን ይቆማል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታው መጮኽ ይጀምራል።

ውሃውን የሚገፋው ባለክንፍ መዘውር ኢምፔለር ይባላል። ውሃ በመሐል ይገባል፣ በሽክርክሪቱ ወደ ዳር ይወረወራል፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ያልፋል። የሚገርመው፣ ይህ ዓይነት ፓምፕ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞርም ውሃው የሚወጣው በዚያው በኩል ነው፤ ብቻ መጠኑና ግፊቱ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ ብዙ ሞተሮች ከበርካታ ቺንጋ ወደ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ሲዛወሩ፣ አንዳንዶቹ ፓምፖች በቺንጋው ጀርባ እየተነዱ በተቃራኒው መዞር ጀመሩ። የድሮውና የአዲሱ ፓምፕ የቡሎን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ይገጥማል። ቆሞ ሲሠራ ምንም አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይግላል። «ገጠመ» ማለት «ይሆናል» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የኢምፔለሩ ስፋትም ቀላል ነገር አይደለም። ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ቢያንስ የሚፈጥረው ግፊት በ20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፦ ፓምፑ ሁለት እጥፍ ሲፈጥን የሚገፋው ውሃ ሁለት እጥፍ፣ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከወጣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ እያቃጠለ በዝግታ ይዞራል፤ ፓምፑም አብሮት ያዘግማል። ማርሽ ቢቀንስ ፓምፑም ይፈጥናል፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ፋን ያለው እንደሆነ እሱም ይፈጥናል።

ሞተር ሲግል ሌላው ተጠርጣሪ የራዲያተር ክዳን ነው፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ቴርሞስታቱ ደግሞ በብዙ ሞተሮች 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ውሃውን በ0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት ይዞ የመፍያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ ያሳልፈዋል። ክዳኑ ከላላ፣ ግፊት ዝቅ በሚልበት በኢምፔለሩ መግቢያ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን እየቦጨቀ ይበላዋል። የተቦጨቀውን ፓምፕ ያየ ሰው «ቻይና ስለሆነ ነው» ይላል፤ ጥፋተኛው ክዳን እዚያው ይቀራል።

«ቻይና» ራሱ የጥራት ደረጃ አይደለም። አንድ ፋብሪካ ያንኑ አካል በተለያየ ኩሽኔታና ማገጃ ሞልቶ በተለያየ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ምን እንደሚገባበት የሚወስነው አዛዡ ነው። ከዱባይም ሆነ ከቻይና የሚያስመጣ ነጋዴ «የሃይስ ፓምፕ ይህን ያህል ፍሬ» ብሎ ካዘዘ የሚመጣለት ርካሹ ነው። ትእዛዙ ላይ የመኪና አምራቹ ቁጥር፣ የኢምፔለሩ ዲያሜትርና የክንፉ አቅጣጫ፣ የፑሌጃው መቀመጫ ከፍታ፣ የኩሽኔታው ዓይነት፣ የማገጃው ቀለበት ከምን እንደተሠራ መጻፍ አለበት። እያንዳንዱ ፓምፕ በአየር ግፊት መፈተሹንም ይጠይቅ።

ለተራው ገዢ ቁጥሩ ይቀለዋል። የቶዮታ የውሃ ፓምፕ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ16100 ይጀምራል፤ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ የሚለዩት የሚቀጥሉት አኃዞች ናቸው። ለቶዮታ ብዙ ፓምፕ የሚሠራው አይሲን ያንኑ ዕቃ በራሱ ሣጥን «ደብሊው ፒ ቲ» በሚል ቁጥር ይሸጣል፤ ጂ ኤም ቢ የሚባለው ሌላው አምራች ለቶዮታ «ጂ ደብሊው ቲ» ይላል። ስለዚህ የቶዮታ ሣጥን የሌለው ሁሉ ተራ ዕቃ አይደለም። ሣጥን ግን ይቀዳል፤ አሮጌውን ፓምፕ ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ክንፉን መቁጠር፣ አቅጣጫውን ማየት፣ የፑሌጃውን መቀመጫ ከፍታ በካሊፐር መለካት ይሻላል። ከፍታው በጥቂት ሚሊሜትር ከተለየ ቺንጋው ጠሞ ይሄዳል፣ ኩሽኔታውንም ያለጊዜው ይጨርሰዋል። ማገጃው እስኪላመድ በመጀመሪያው ሰዓት ጠብታ ቢታይ አያስደነግጥም፤ በማግሥቱም ካንጠባጠበ ግን ፓምፑ መመለስ አለበት። «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሱቅ ስለማይጠፋ፣ ይህን ነገር ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት መነጋገር ነው።