ስለ ሥዕላዊው የሕፃናት መጽሐፍ

ሥዕላዊ የሕፃናት መጽሐፍ ማለት ገጹ ጥቂት፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ የታሪኩን እኩሌታ ቃል፣ እኩሌታውን ሥዕል የሚናገርለት መጽሐፍ ነው፤ ስለ ምንነቱ ይህን ያህል ይበቃል።

ከነዚህ መጻሕፍት ክሪስቲና ኬስለር ጽፋው ሊዮናርድ ጄንኪንስ የሣለውን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመውን፣ ስለ ላሊበላዪቱ ንብ አርቢ የሚተርከውን መጽሐፍ ከሌሎቹ አስበልጬ እወዳለሁ። አልማዝ የምትባል ልጅ በላሊበላ ከሚገኘው ማር ሁሉ የሚበልጥ ማር ለማውጣት ብትመኝ በሥራው የኖሩት ወንዶች ይሥቁባታል፤ አንድ ደግና ብልኅ ካህን ግን ስለሚያበረታቷት፣ በጥበቧና በጽናቷ የሣቁባት ሰዎች ራሳቸው ያከብሯታል። የካህኑ መግባት ለታሪኩ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የገጠሩን አጥቢያ አላስተዋለም፤ ጧፉ የሚሠራው ከሰም፣ ጠጁም የሚጣለው ከማር ነውና፣ ንብ የሚያረባ ሰው የጓሮው ባለቤት ብቻ ሳይሆን የአጥቢያው አገልጋይ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት የሚለውን ትውፊት የሚያውቅ ሰውማ ታሪኩ ለቦታው እንዴት እንደ ተገባ ሳይነገረው ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ልጅ የሚሰጥ ማባበያ ነው የሚለው ስሕተት ነው። በሐዋሳ በአንድ የንባብ ክፍል አንድ አባት ቃሉን አንብበው ገጹን ሊገልጡ ሲሉ፣ ልጃቸው በመዳፏ ተጭና «አባዬ፣ ቆይ፣ ገና አላየሁትም» ስትላቸው፣ «አንብበነው የለም እንዴ?» ሲሏት ሰምቻለሁ። ልጅቱ ግን ገና ማንበቧ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመዘንጋት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ምክንያት የለንም፤ አበው የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል ሲሸፍኑ፣ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ዘንዶውን የሚወጋውን ቅዱስ ጊዮርጊስንና ከዛፍ ላይ የተጠጋችውን ልጃገረድ ብሩታዊትን እያየ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር እንዲተርክ አድርገዋልና። ሥዕሉ የራሱ ሰዋስው አለው፤ ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸውም ሁለት ሆኖ ሲሣሉ፣ ክፉዎች ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይታያሉ፤ ይህን ሕግ አንድ ጊዜ የተረዳ ሕፃን፣ ከብዙ ሠራዊት መካከል ከሃዲው የቱ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ይለያል። ታዲያ ከሥዕል ደግንና ክፉን፣ ቀዳሚንና ተከታይን መለየት ንባብ ካልሆነ ንባብ ምንድር ነው? ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ሕፃኑ ከሥዕሉ ያየውን አስቀድሞ ይንገራችሁ፤ መጽሐፉም እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍበት ልማድ ይቅር፤ ከልጅ እጅ ያልገባ የልጅ መጽሐፍ ለምን ታተመ?

በዚህ ረገድ ሐዋሳ ልትመሰገን ይገባታል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ ድርጅታቸው «ኢትዮጵያ ሪድስ» መጻሕፍትን አህዮች በሚስቡት ጋሪ ጭኖ ልጆች ወዳሉበት የማዞርን ሥራ በሐዋሳ ጀምሯል። ዮሐንስ ራሳቸውም ማሞ ስለሚባል ልጅ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳትመዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በዚህችው በሐዋሳና በዙሪያዋ የሚከበረው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ የራሱ ሥዕላዊ መጽሐፍ ይገባዋል የሚያሰኝ ብዙ ነገር አለው። ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚመለከቱ አያንቶዎች ናቸው፤ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ሲሉ ከእንሰት የተሠራና ቅቤ የጠጣ ቡርሳሜ የሚባል ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ሽማግሌዎችም ስለ ሰላምና ስለ ዕርቅ ይመክራሉ። የሌሊቱ ሰማይ፣ የልጆቹ ሰልፍና የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ለሠዓሊ ሦስት ታላላቅ ገጾች ናቸው፤ ቃሉንም በሲዳምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን የሚጽፍ ደራሲ፣ ከዚህችው ከሐዋሳ ሠዓልያን ከአንዱ ጋር ተነጋግሮ ቢጀምረው፣ የመጀመሪያውን ቅጂ የምገዛው እኔ ነኝ።