ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ስለ ማኅፀን መውጣትና ስለ ሌሊት ሽንት
(ሞጣ ላይ ለሕዝብ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)

እኔ የቀዶ ጥገና ሐኪም አይደለሁም፤ የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። ከመምህርነቴ በፊት ግን የዚሁ የሞጣ ገጠር ልጅ ነኝና ንግግሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

አክስቴ ዘጠኝ ልጆች ወልዳለች። በልጅነቴ እርሷ ዘንድ ሳድር ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ትነሳ ነበር። ጅብ ስለሚፈራ ኩራዝ ይዤ ደጃፍ ላይ የምቆመው እኔ ነበርሁ። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት «ብርድ ነው» ትላለች። የጮቄን ንፋስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያምናል፤ እኛም አመንን። እያደር ውኃ መጠጣት ተወች፤ ቤተ ክርስቲያንም ከደጅ ተሳልማ መመለስ ጀመረች። ማኅፀኗ ወጥቶ ሃያ ዓመት ያህል በጨርቅ ደግፋ እንደኖረች ያወቅነው፣ ሽንቷ ፈጽሞ እምቢ ብሏት በቃሬዛ ሐኪም ቤት በደረሰች ቀን ነው። ማኅፀኗን ለመናገር አፍራለች። ሌሊት መነሳቷን ግን አልደበቀችንም። ምልክቱን በየሌሊቱ እያየን ምክንያቱን የጠየቃት አልነበረም።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ማኅፀን መውጣት የማይነገር ሕመም ነው፤ የሌሊት ሽንት ግን ይነገራል። የሚነገረውን ከጠየቅን ወደማይነገረው መድረስ እንችላለን።

የጠፍር አልጋ የማያውቅ በመካከላችን የለም። የሴት ልጅ ዳሌም ከሥሩ እንዲህ እንደ ጠፍር በተጠላለፉ ጡንቻዎችና ጅማቶች የተወጠረ ነው። ከላዩ የሽንት ፊኛ፣ ማኅፀንና ትልቁ አንጀት ተደላድለው ይቀመጣሉ። ጠፍሩ ሲላላ የተኛበት ሁሉ ወደ ታች ይረግባል። የሚወርደው ማኅፀን ብቻ አይደለም፤ ከፊት ፊኛው፣ ከኋላ አንጀቱም ሊወርድ ይችላል። ሐኪሞች አወራረዱን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሴቲቱ ምንም ላታውቅ ትችላለች፤ በአራተኛው ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል።

ጠፍሩን የሚያላላው ምንድን ነው? ብዙ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ከባድ ሸክም፣ ዕድሜ፣ የማያቋርጥ ሳልና የሆድ ድርቀት ናቸው። በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከምን፣ የተራዘመ ምጥንና የደጋ ገጠር ኑሮን ከዚህ ችግር ጋር ተያይዘው አግኝቷቸዋል። የእንስራውንና የማገዶውን ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚሁ ጥናት ሲጠየቁ የመውጣት ስሜት አለን ያሉት ሴቶች ከመቶ ሰባት አይሞሉም ነበር፤ በሐኪም ከታዩት መካከል ግን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ሁለተኛና ከዚያ በላይ ደረጃ ተገኝቷል። እርግጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለች ሁሉ አትታመምም። ቢሆንም የሚነገረውና ያለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ከዚህ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ፊኛው ወደ ታች ሲረግብ የሽንት ቱቦው ይታጠፋል። ሴቲቱ ሸንታ ብትነሳም ፊኛው ሙሉ በሙሉ አይራቆትም። ከሥር የቀረ ውኃ ያለበት እንስራ ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ፊኛውም ቶሎ ይሞላና እንደገና ይቀሰቅሳታል። የቀረው ሽንት ለኢንፌክሽን ምቹ ነው፤ ኢንፌክሽኑም በተራው ሽንት ያስቸኩላል። የወጣው አካል ብዙ ሲሆን ሽንት ከኩላሊት የሚወርድባቸውን ቱቦዎች ጭምር አጣብቆ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ነገር ግን ሌሊት የምትነሳ ሁሉ ማኅፀኗ ወጥቷል ማለት አይደለም። የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ ቀን እግር ላይ ተጠራቅሞ ስንተኛ የሚመለስ እብጠት፣ እርግዝና፣ የማታ ቡናና ጠላ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም ያስነሳሉ። ስለዚህ ሌሊት መነሳት መልስ ሳይሆን የጥያቄ መነሻ ነው። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የምትነሳ ሴት ቀጥሎ እንዲህ ትጠየቅ፦ ወደ ማታ ከታች የመክበድ ስሜት አለ? የሚዳሰስ እብጠት አለ? ለመሽናት በእጅ መግፋት ያስፈልጋል? ጨርቅ የሚያቆስለው ነገር አለ? ለአንዱ እንኳ መልሷ «አዎ» ከሆነ ትመርመር።

ይህን ሕመም ከፊስቱላ ጋር የሚያምታቱ አሉ። በፊስቱላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ በማኅፀን መውጣት ግን እንዲያውም ሊያግድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ሲከፍቱ፣ ተደብቀው የነበሩ ሴቶች ሕክምና መኖሩን ሰምተው በእግራቸው ጭምር መጡ። ሰው ሕመሙን የሚናገረው መፍትሔ እንዳለው ሲሰማ ነው። ማኅፀን ለወጣባትም መፍትሔ አለ።

ገና በጅምሩ ከሆነ የዳሌ ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጨብጦ እስከ አሥር መቁጠር፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ይህን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር መሥራት ነው። ከዚህ ከፍ ላለውም ፔሳሪ የሚባል፣ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት በባለሙያ ገብቶ ማኅፀኑን ደግፎ ይይዛል። ለባሰው ቀዶ ጥገና አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ሸክም መቻኮል የተሠራውን መልሶ ያፈርሳል። የሌሊቱም መነሳት ሌላ ምክንያት ካለው በቀዶ ጥገና ብቻ ላይጠፋ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከቅሬታ ያድናል።

ዛሬ ከዚህ ስትመለሱ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አልጋችሁ አጠገብ አንድ ስኒና ጥቂት ባቄላ አስቀምጡ፤ ለሽንት በተነሳችሁ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሉ። የሦስት ሌሊቱን ቆጥራችሁ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ማንበብ መጻፍ አያሻም። ሁለተኛ፣ ውኃ መጠጣት አትተዉ፤ ከመኝታ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዓታት ብቻ ቀንሱ። ውኃ ማጣት ድርቀት ያመጣል፤ ድርቀትም ማማጥን፣ ማማጥም መውረድን። በጨለማ ወጥቶ ከመውደቅም ቤት ውስጥ ፖፖ ማኖር ነውር አይደለም። ሦስተኛው ለእኛ ለወንዶች ነው። አራስን የመንከባከብ ደግ ባህል አለን፤ እርሱን አራስነቱ ካበቃም በኋላ እናስቀጥለው፤ እንስራውንና ማገዶውን እንሸከም። እናቶቻችንንና ሚስቶቻችንንም «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሺያለሽ?» ብለን እንጠይቅ።

እኔ ለአክስቴ ኩራዝ ይዤላታለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን አልጠየቅኋትም። እናንተ ጠይቁ።