ወንድም በሰባት መልኩ

ፖላንድኛ ሊማር የተነሳ ሰው በቅድሚያ የሚሰማው ማስፈራሪያ «ስሙ ሰባት ጊዜ ይለዋወጣል» የሚል ነው። ውሸት አይደለም። ስሙ ባለቤት ሲሆን፣ ሲያገናዝብ፣ ሲሰጡት፣ ሲያዩት፣ አብረውት ሲሄዱ፣ ስለ እሱ ሲያወሩ፣ ሲጠሩት፣ ለየሙያው መጨረሻው ይቀያየራል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ዋርሶ የሚያቀና የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ይህን በሰንጠረዥ ተደርድሮ ሲያገኘው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ድንጋጤው ግን ያለ ቦታው የመጣ ነው። ሰባቱን ሙያዎች የኩታበር ሰው በየቀኑ ይናገራቸዋል፤ አዲስ የሚሆንበት የፖላንዱ መጨረሻ ድምፅ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከሰንጠረዥ ይልቅ ከዕለት ንግግር ሲለቀም ቶሎ ይያዛል።

«ወንድም» የሚለውን ስም እንውሰድ፤ በፖላንድኛ «ብራት» ነው። «ቶ ዬስት ብራት» ማለት «ይሄ ወንድሜ ነው» እንደ ማለት ነው። ሳየው «ቪድዜ ብራታ» እላለሁ፣ ወንድሜን አያለሁ። የወንድሜ ቤት «ዶም ብራታ» ነው። «ዳዬ ብራቱ ኽሌብ» ስል ለወንድሜ ዳቦ እየሰጠሁ ነው፤ «ኢዴ ዝ ብራቴም» ስል ከወንድሜ ጋር እየሄድኩ፤ «ምሽሌ ኦ ብራቼ» ስል ደግሞ ስለ ወንድሜ እያሰብኩ። ስጣራም «ብራቼ!» እላለሁ፣ እኛ «ወንድምዬ!» እንደምንለው መሆኑ ነው። ልብ ብሎ ላየው ሰባት የተባለው ሙያ ያለው አምስት መልክ ብቻ ነው፤ «ብራታ» እና «ብራቼ» ሁለት ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አማርኛውን ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ን፣ የ፣ ለ፣ ከ…ጋር፣ ስለ እያለ ያንኑ ሥራ በየተራ ያከናውናል። (በነገራችን ላይ፣ የፖላንድ ልጅ እናቱን «ማማ»ን ሲጠራ «ማሞ!» ነው የሚለው። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ዞር ይል ነበር።)

የስምን መጨረሻ እየለወጡ ሙያውን መንገር ለወሎ እንግዳ ትምህርትም አይደለም። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ በሚባሉት የዕውቀት ማዕከላት ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) የቀራ ደረሳ (ተማሪ) ዘይድ ሲመጣ «ዘይዱን»፣ ሲያዩት «ዘይደን»፣ በአጠገቡ ሲያልፉ «ዘይዲን» እንደሚባል በልጅነቱ አውቆታል። መርፉዕ፣ መንሱብ፣ መጅሩር የሚላቸው የዐረብኛ ሦስት ሙያዎች ከፖላንዱ ሰባት ጋር አንድ ወገን ናቸው። ግዕዝ የተማረ የአብነት ተማሪም ከዚህ አይርቅም፤ «ቤት» ሲሠራ «ሐነጸ ቤተ» ብሎ ሳድሱን ወደ ግዕዝ ይመልሳል፣ ተሳቢነቱንም በዚያችው አንዲት ፊደል ያሳያል። እንግዲህ በአንድ አካባቢ ሁለት ጥንታዊ የትምህርት ሥርዓቶች የሚያስተምሩትን ነገር «ለሐበሻ አእምሮ የማይገባ» ማለት አካባቢውን አለማወቅ ነው።

አንድ የሰዋስው ሰው እዚህ ላይ ይቃወመኛል። የአማርኛው ለ፣ ከ፣ ስለ መስተዋድድ እንጂ የስም እርባታ አይደሉም፣ ደግሞም አይለዋወጡም፤ «ለወንድሜ» ያለ ሰው «ለእህቴ» ለማለት ሌላ ነገር አይማርም፣ ፖላንዳዊው ግን ለወንድ፣ ለሴት፣ ለገለልተኛ ስም የተለያየ መጨረሻ ያወጣል ይለኛል። ትክክል ነው፤ የሚሸመደደውም ይኸው ነው። ነገር ግን የሚሸመደድ ድምፅና የማይገባ ሐሳብ አንድ አይደሉም። ከሁሉም ይልቅ «ን» የምትባለው ምልክታችን ልትመረመር ይገባታል። ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው «በግ ገዛሁ» ይላል፣ «ን» የለም። «በጉን ገዛሁ» ካለ ግን የትኛው በግ እንደሆነ ሰሚው አስቀድሞ ያውቃል፤ ትናንት ስለ ዋጋው የተነጋገሩበት ሊሆን ይችላል። አማርኛ ምልክቱን ከመስጠቱ በፊት «የሚታወቅ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ፖላንድኛ በወንዴ ስሞች ላይ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ነፍስ አለው ወይ?»። በግ ከሆነ «ኩፒዌም ባራና» ብሎ «ባራን» ላይ «አ» ይጨምራል፤ ቤት ከሆነ «ኩፒዌም ዶም» ብሎ ቃሉን እንዳለ ይተወዋል። አልገዛሁም ሲል ደግሞ ቤቱም ይለወጣል፣ «ኜ ኩፒዌም ዶሙ»። አሉታው ከግሱ አልፎ ስሙን ይነካዋል ማለት ነው፤ እኛ ጋ «አል…ም» ግሱን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል እንጂ ቤቱን አይደርስበትም።

ወደ ግስ ስንመጣ ደግሞ የሚደነግጠው ወገን ይገለበጣል። «አልነገርኩሽም» አንድ ቃል ነው። በውስጡ አሉታው አለ፣ ተናጋሪው አለ፣ ያልተነገራት ሴት አለች። ፖላንዳዊው ይህንኑ በሦስት ቃላት «ኜ ፖቪዬጃዌም ቺ» ይለዋል፤ ካለውም በኋላ የሚታወቀው ተናጋሪው ወንድ መሆኑ እንጂ ሰሚዋ ሴት መሆኗ አይደለም። ሴት ብትናገረው «ፖቪዬጃዋም» ትል ነበር። አማርኛ የሰሚውን ጾታ ይናገራል፣ ፖላንድኛ የተናጋሪውን። የፖላንድ ሰዎች ይህን የእኛን ግስ ለመረዳት ብዙ ደክመዋል። የቋንቋ ሊቁ ስቴፋን ስትሬልሲን በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትን መሠረት ካስያዙት አንዱ ነበር፤ ተማሪው ዮአና ማንቴል-ኜችኮም እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው መጽሐፍ ስለ አማርኛ ግስ ዓይነቶች ነው። የግስ ዓይነት ነገር ለእኛ ጥያቄ አይመስለንም። «ሰበረ» እና «ፈለገ» ሁለቱም መካከላቸው ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ስንል ግን ይላላል፣ «ይፈልጋል» ስንል እንደጠበቀ ይቀራል። ኩታበር ውስጥ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይህን ሳይሳሳት ይለዋል፣ ማንም ግን ሰንጠረዥ አላሳየውም። ከተናገረው ዓረፍተ ነገር ብዛት የተነሳ ጆሮው ለይቶታል እንጂ። አዋቂ ተማሪ የሕፃን ጊዜ የለውም የሚል ሰው ልክ ነው፤ ስለዚህም ሰንጠረዡ ይጣል አልልም። ሰንጠረዡ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገሩ ከተለመደ በኋላ ስሕተት ለማረሚያ ነው፣ በፊት በፊት ሲሰጥ ግን ምላስ ያስራል።

በእውነት የሚያስቸግረው፣ ብዙም የማይወራለት፣ የግሱ ጥንድነት ነው። «እገዛለሁ» ስንል ዛሬም ነገም ዘወትርም ሊሆን ይችላል፣ የቀረውን ሰሚው ከአገባቡ ይረዳል። ፖላንዳዊው ግን ሁለት ግስ ይዞ ይዞራል። «ኩፑዬ» ካለ አሁን እየገዛ ነው ወይም ልማዱ ነው፤ «ኩፒዬ» ካለ ገና ነው፣ ግን ገዝቶ ይጨርሳል። በኃላፊውም «ኩፖቫዌም» ያለ ሲገዛ ነበር፣ ምናልባት በዋጋ ሳይስማማ ትቶት ሄዷል፤ «ኩፒዌም» ያለ ግን በጉን እየጎተተ ነው። ለዚህ የእኛ «እገዛ ነበር» እና «ገዛሁ» ግማሽ መንገድ ያደርሳሉ፤ የወደፊቱ ላይ ግን ጥንዶቹን አንድ በአንድ ከማጥናት ሌላ መላ የለም።

ቁጥርም እንዲሁ አማርኛ የማይረዳበት ቦታ ነው። እኛ «አምስት በግ» ብለን ስሙን በነጠላ መተው እንችላለን። ፖላንዳዊው ከሁለት እስከ አራት ተራውን ብዙ ቁጥር ይጠቀምና አምስት ሲደርስ «ፒዬኝች ባራኑፍ» ብሎ በጎቹን በአገናዛቢ መልክ ያስቀምጣቸዋል፤ ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ ወደ ተራው ይመለሳል። የነህው ደረሳ ግን ይህንንም ያውቀዋል፤ በዐረብኛ ከሦስት እስከ አሥር የተቆጠረው ነገር መጅሩር ነው፣ አምስት መጽሐፍ «ኸምሰቱ ኩቱቢን» ይባላል፤ ከአሥራ አንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ደግሞ ወደ ነጠላና ወደ መንሱብ ይዞራል።