ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ፦ የተለያዩ ወላጆችና የሕፃን ደህንነት



ባለፈው ዓመት የተለያዩ ባልና ሚስት ለሽምግልና ጠርተውኝ ነበር። አባቱ ዘንድ የሚኖረው የ10 ዓመት ልጃቸው በቆሎ ከጃርትና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያድራል። እናት «ልጄን ለጅብና ለወባ ሰጠው» አሉ፤ አባት «እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው» ሲሉ መለሱ። እኔም በልጅነቴ ማማ ላይ አድር ስለ ነበር ልቤ ወደ አባት አዘንብሎ ነበር።

ይሁንና የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ክርክሩን ከወላጆች ወደ ሕፃኑ ያዞረዋል፤ ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ደህንነታቸው ይቀድማል፤ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራም ይጠበቃሉ። እንግዲህ ደጅ ማደር በራሱ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ የሚመረመረው ልጁ በየትኛው ወቅትና ከማን ጋር እንደሚያድር ነው። በቆሎ የሚጠበቅበት መስከረም ትምህርት የሚከፈትበት፣ በቆላ ደግሞ ወባ የሚበረታበት ወር ነው፤ የወባ ትንኝም በአብዛኛው የምትናከሰው ሌሊት ነው።

ልጁን ለብቻው ጠየቅሁት። «ማማውን እወደዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን እፈራለሁ» አለኝ። በመጨረሻ በትምህርት ቀናት ቤት፣ ቅዳሜ ሌሊት ብቻ ከአባቱ ጋር በአጎበር ውስጥ እንዲያድር ተስማሙ። ልጁን አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ እኛ ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ባልተከራከርን ነበር።